ሴተኛ አዳሪነት በሕጋችን ወንጀል ነውን?

በቦሌ፣ በተለይም ቺቺኒያና ሃያ ሁለት አካባቢ፣ ሲመሽ መንገድ ዳር የሚቆሙ ሴቶችን ያዩ ወዳጆቼ «ይህ በሕግ አልተከለከለም እንዴ?» እያሉ ይጠይቁኛል።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ለአካለ መጠን የደረሰች ሴት ገላዋን በመሸጧ ብቻ አይቀጣትም፤ ደንበኛዋንም እንዲሁ። አንቀጽ 634 የሚቀጣው በሌላ ሰው ገላ የሚነግደውን ደላላና ለዚሁ ሥራ ቤት የከፈተውን ወይም ያከራየውን ነው። በአደባባይ አላፊ አግዳሚውን ለወሲብ መጎትጎትም በደንብ መተላለፍ ያስቀጣል።

በ2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ልመናንና የወሲብ ንግድን ከጎዳና የሚያስቀር ሕግ እያረቀቀ መሆኑ ሲነገር ክርክሩ ተጋጋለ። የሌሎች አገሮች ምርጫ የተለያየ ነው። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ሻጯን ትታ ገዢውን ትቀጣለች። ኒውዚላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ሥራውን ከወንጀልነት አውጥታ ለጤናና ለሥራ ደኅንነት ደንብ አስገዝታዋለች።

የከልካዮቹ ሥጋት ይገባኛል፤ ልጆቻችን የሚያድጉት በነዚሁ መንገዶች ነው። ሆኖም ቤቱን አንቀጽ 634 ዘግቶታል፤ ጎዳናውም ፈጽሞ ከተዘጋ ሴቲቱ ወዴት ትሂድ? ሌላ መተዳደሪያ ካላገኘች ሥራውን አትተወውም፤ ፖሊስም የጤና ባለሙያም ወደማያያት ስርቻ ትሸሻለች። ያኔ ብትደበደብ ወይም ብትደፈር፣ እከሰሳለሁ ብላ ስለምትፈራ ፖሊስ ጣቢያ አትሄድም። በእኔ እምነት ሕግ አውጪው ክልከላውን ከማጽደቁ በፊት ለዚህ ጥያቄ መልስ ሊኖረው ይገባል።