ከስቱዲዮው በር በፊት

በአጥቢያችሁ የመዘምራን ቡድን ወይም ባንድ ካለ፣ «ዘንድሮ ስቱዲዮ እንገባለን» የሚለውን ወሬ ሳትሰሙ አትቀሩም። ከወሬው በኋላ የሚመጣውንም ታውቃላችሁ። መዋጮ ይሰበሰባል፣ የስቱዲዮ ዋጋ ይጠየቃል፣ የትኛው ኪቦርድ ይሻላል በሚል ክርክር ይነሣል፤ አንዳንዴም ለሽፋኑ ፎቶ የሚለበሰው ልብስ ከመዝሙሮቹ ቀድሞ ይመረጣል። ዛሬ የምነግራችሁ ታሪክ የሆነው ከእኛ በጣም በራቀ አገር፣ ከመቶ ዓመት ጥቂት ባነሰ ጊዜ በፊት ነው። ቢሆንም ስቱዲዮ ልትገቡ እየተዘጋጃችሁ ከሆነ፣ ስለ ማይክሮፎን ዓይነት ከሚሰጣችሁ ምክር ይልቅ ይጠቅማችኋል ብዬ አስባለሁ።

ቦታው ብሪስቶል የምትባል የአሜሪካ ከተማ ናት። ዋናው መንገዷ ስቴት ስትሪት ላይ ብትቆሙ አንዱ እግራችሁ ቴነሲ፣ ሌላው ቨርጂኒያ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ የሁለቱ ግዛቶች ድንበር በመንገዱ መካከል ያልፋልና። እ.ኤ.አ. በ1927፣ በጁላይ ወር መጨረሻ (በእኛ ሐምሌ 1919 ዓ.ም.)፣ ራልፍ ፒር የሚባል ሰው ቪክተር ለተባለው ትልቅ የሸክላ ኩባንያ የገጠር ዘፋኞችንና ዘማሪዎችን ለመቅዳት ወደዚህች ከተማ መጣ። አብረውት ሁለት የቀረጻ ባለሙያዎች ነበሩ። አንድ የባርኔጣ ድርጅት ይጠቀምበት በነበረ ሕንፃ ውስጥ ክፍል ተከራዩ፤ ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳውን በብርድ ልብስ ሸፈኑ። ስቱዲዮው ይኸው ነበር። ከጁላይ 25 እስከ ኦገስት 5 ባሉት 12 ቀናት፣ 19 ቡድኖችና ነጠላ ዘፋኞች በዚያ ክፍል 76 ዘፈኖችና መዝሙሮች ቀዱ።

ያ ቀረጻ እንዴት ይሠራ እንደነበር ካላወቅን የቀረው ታሪክ አይገባንም። እስከ 1925 ገደማ ድረስ ሰዎች የሚዘፍኑት እንደ ትልቅ ጡሩምባ ወዳለ ቀንድ ነበር፤ ድምፁ ራሱ በጉልበቱ መርፌውን ያንቀሳቅሳል። ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰው በዚያ ዘመን ዕድል አልነበረውም። ፒር ብሪስቶል ሲደርስ ግን በእጁ የኤሌክትሪክ ማይክሮፎን ነበር፤ ቀስ ብሎ የተዘፈነ ቃል፣ በጣት የተነካ የጊታር ክር ሳይቀር ይሰማል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ያልተለወጠው ደግሞ ይህ ነው፦ ድምፁ የሚቀረጸው በወፍራም የሰም ሳህን ላይ ነበር። የአንዱ ዘፈን ርዝመት ከሦስት ደቂቃ ብዙ ማለፍ አይችልም። የተቀዳውን ሰም መልሰህ ብታጫውተው ይበላሻል። አንድ ሰው ከተሳሳተ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራሉ፤ ምክንያቱም መሣሪያውም፣ ድምፁም፣ ተቀባዩም የሚቀዱት ባንድ ጊዜ ነው። ዛሬ ድራሙ ሰኞ፣ ቤዝ ጊታሩ ረቡዕ ሊቀዳ ይችላል፤ ያመለጠ አንድ ቃል ብቻውን ተመልሶ ይገባል። እነዚያ ሰዎች ይህ አልነበራቸውም።

መጀመሪያ ላይ የመጣው ሰው ብዙ አልነበረም። ኧርነስት ስቶንማን የሚባል፣ ከዚያ በፊትም ሸክላ የቀዳ የአካባቢው ሙዚቀኛ ቡድኑን ይዞ ሥራውን ጀመረ። ቀጥሎ የከተማው ጋዜጣ ስለ ቀረጻው ሲጽፍ፣ ስቶንማን ባለፈው ዓመት ከሸክላዎቹ ከ3,600 ዶላር በላይ እንዳገኘ ገለጸ። ለዚያ ዘመን የተራራ ገበሬ ይህ ሊታመን የማይችል ገንዘብ ነበር። ከየሸለቆው ያልተጠበቀ ዘፋኝ ሁሉ ብቅ አለ! ጥሪ ማለት አንዳንዴ በጋዜጣም ይመጣል መሰለኝ።

እዚህ ላይ ሁለት ቡድኖችን ላስተዋውቃችሁ። በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ማይክሮፎን ፊት የቆሙ ናቸው።

የመጀመሪያው የካርተር ቤተ ሰብ ነው። ኤ.ፒ. ካርተር፣ ሚስቱ ሣራ፣ እንዲሁም የወንድሙ ሚስትና የሣራ የአጎት ልጅ የሆነችው ሜቤል። ሜቤል ገና 18 ዓመቷ ነበር፤ ነፍሰ ጡርም ነበረች፣ ያውም ወሯ የገፋ። ከብሪስቶል 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኝ የተራራ መንደር በተዋሱት መኪና ተነሡ፤ ሣራ የምታጠባውን ሕፃንና ሕፃኑን የምትይዝላትን ትንሿን ልጇን ጭምር ይዘዋል። ሐምሌ ነውና መንገዱ መጥፎ፣ ሙቀቱ ከባድ ነበር፤ ጎማም ፈነዳባቸው። ኦገስት 1 ቀን ምሽት ግን ማይክሮፎኑ ፊት ቆመው በዚያው ምሽት አራት ዘፈን ጨረሱ። በማግስቱ ጠዋት ሁለት ጨመሩ፤ ኤ.ፒ. በዚያ ጠዋት አልነበረም፣ ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ቀዱት።

ይህን ያህል ፍጥነት ከየት መጣ? ለስቱዲዮ ብለው የተለማመዱት ልምምድ አይመስለኝም። እነዚህ ሰዎች በቤታቸው፣ በጎረቤት፣ በቤተ ክርስቲያን ለዓመታት አብረው የዘመሩ ናቸው። ሣራ መሪ ድምፅ እንደሆነች ሁሉም ያውቃል። ኤ.ፒ. ደስ ሲለው ይገባል፣ ሳይለው ዝም ይላል፤ ሁለቱ ሴቶች ይህን ለምደውታል፣ አይደናገጡም። ሜቤል ደግሞ ዜማውን በአውራ ጣቷ በወፍራሞቹ የጊታር ክሮች ላይ እያወጣች፣ በሌሎቹ ጣቶቿ ምቱን ትይዛለች፤ አንዷ ልጅ የሁለት ጊታሪስት ሥራ ትሠራለች ማለት ነው። በቀንዱ ዘመን ቢሆን ይህ አጨዋወት ባልተሰማ ነበር። ዛሬ በመላው ዓለም ጊታር የሚማሩ ሰዎች ያንን የጣት አካሄድ በካርተር ስም ይጠሩታል።

ስለ ኤ.ፒ. አንድ ነገር ልጨምር፤ እናንተን ይመለከታል። ከብሪስቶል በፊት የሌላ ኩባንያ ሰው አግኝቶት፣ ቫዮሊን እየተጫወተ ቢቀዳ እንደሚሻል ሐሳብ አቅርቦለት እንደነበር ይነገራል። በዚያ አካባቢ ብዙ አማኞች ቫዮሊንን ከጭፈራ ጋር አያይዘው ይነቅፉት ነበር፤ የኤ.ፒ. ወላጆችም ከእነዚሁ ወገን ነበሩ። እርሱ አልፈልግም ብሎ ተመለሰ። በቫዮሊኑ ጉዳይ ከወላጆቹ ጋር መስማማት የለባችሁም፤ እኔም አልስማማም። ነገር ግን ሰውየው ምን እንደሚቀዳና ምን እንደማይቀዳ አስቀድሞ ወስኖ ነበር። ዕድሉ በሩን ሲያንኳኳ መጨቃጨቅ አላስፈለገውም።

ሁለተኛው ቡድን ወጣት ወንዶች ናቸው፦ ጂሚ ሮጀርስ እና ሦስት ጓደኞቹ። ሮጀርስ የባቡር ሠራተኛ የነበረ፣ በሳንባ ነቀርሳ የታመመ ሰው ነው። በሙዚቃ ችሎታ ከሄድን ከካርተሮች የሚያንሱ አልነበሩም፤ በመድረክና በሬዲዮ አብረው ሠርተዋል። ፒር ሰማቸው፣ ቀጠሮም ሰጣቸው። በቀጠሯቸው ዋዜማ ሌሊት ግን ማደሪያቸው ውስጥ ጠብ ተነሣ። የጠባቸው ምክንያት ስለ ሙዚቃው አልነበረም። በሸክላው ላይ የማን ስም ይጻፍ? ሮጀርስን ያስቀድም ወይስ የቡድኑ ስም ብቻ ይሁን? ሳይስማሙ አደሩ። ኦገስት 4 ቀን ጓደኞቹ ለብቻቸው ቀዱ፤ ሮጀርስም ጊታሩን ብቻ ይዞ ለብቻው ቆመ። እርሱ የቀዳው ሁለት ዘፈን ብቻ ነው። ፒር ይፈልግ የነበረው ማንም ያልቀዳውን ዘፈን ነበርና፣ ሮጀርስ የሚያውቃቸው አብዛኞቹ ደግሞ ከተማው ሁሉ የሚያውቃቸው ስለነበሩ፣ የሚመረጥ ዘፈን አጡ።

አሁን ይህን ታሪክ ለስብከት እንዲመች አድርጌ «የተጣሉት ጠፉ» ብዬ መጨረስ እችል ነበር። አልጠፉም። ሮጀርስ በጥቂት ወራት ውስጥ ከካርተሮች ይበልጥ ዝነኛ ሆነ፤ በ1933 በዚያው በሽታ እስኪሞት ድረስ፣ የመጨረሻዎቹን ዘፈኖች በቀዳበት ስቱዲዮ መካከል ላይ እየተኛና እያረፈ ይሠራ ነበር። ብቻውን መሥራት ለእርሱ በጀው። የጠፉት ሦስቱ ጓደኞቹ ናቸው፤ ዛሬ ስማቸው የሚነሣው ከእርሱ ጋር የተጣሉ ለመሆናቸው ብቻ ነው። እንግዲህ የስም ጥያቄ በቡድናችሁ ውስጥ ካለ፣ ሽፋኑ ላይ «እገሌ እና መዘምራን» ነው ወይስ «መዘምራን» ብቻ የሚለው ካልተወሰነ፣ ጥያቄው ትንሽ አይደለም፤ የሚጎዳውም ብዙውን ጊዜ ከኋላ የቆመውን ነው። ቀጠሮው ሳይደርስ፣ ሁሉም በተገኘበት፣ ሻይ እየተጠጣ ይወሰን። ዋዜማ ሌሊት ጥሩ ሰዓት አይደለም።

ወደ ብሪስቶል የመጡት ዘፋኞች ብቻ አልነበሩም። ኧርነስት ፊፕስ የሚባል የሆሊነስ ሰባኪ አራት ሆነው የሚዘምሩ ሰዎቹን ይዞ ከኬንታኪ መጣ። አልፍሬድ ካርንስ የሚባል የባፕቲስት ሰባኪም እንዲሁ። በመጨረሻው ቀን ሃያ ያህል ሰዎች ያሉበት የአንዲት ትንሽ ከተማ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ቡድን ያቺን ክፍል ሞላት። እስቲ አስቡት፦ ሃያ ሰው፣ አንድ ማይክሮፎን፣ በኦገስት ሙቀት፣ ግድግዳው በሙሉ ብርድ ልብስ! በቀጣዩ ዓመት ፒር ተመልሶ ሲመጣ ፊፕስ በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ይዞ ቀረበ። ያኔ የተቀዳውን ብትሰሙ ጭብጨባው ሳይቀር አለበት፤ በጉባኤ እንደሚያመልኩት አድርገው ነው የቀዱት። እኔ ከሁለቱ ዓመታት የሁለተኛውን አስበልጣለሁ። በስቱዲዮ ውስጥ ሌላ ሰው ለመምሰል የሚደረግ ዝግጅት በእኛም ቤት ብዙ መዝሙር አደንዝዟል፤ በእሑድ አምልኮ እሳት የነበረው መዝሙር በአልበሙ ላይ ቀዝቅዞ የሚገኘው ለምን እንደሆነ እስቲ ባንዳችሁን ጠይቁ።

አንድ ጉዳይ ይቀራል፤ ስለ እርሱ ሲነገር ብዙ አልሰማም። ፒር ለአንድ ዘፈን 50 ዶላር ይከፍል ነበር፣ ከሽያጩም ትንሽ ድርሻ ይሰጣል፤ የዘፈኑ የኅትመት መብት ግን ወደ ራሱ ይሄዳል። የካርተሮችም ሸክላ መሸጥ ሲጀምር ኤ.ፒ. አዲስ ዘፈን ፍለጋ ከመንደር መንደር ይዞር ጀመር። አብሮት የሚዞር ሌስሊ ሪድል የሚባል ጥቁር ጊታሪስት ነበር። ኤ.ፒ. ግጥሙን ይጽፋል፤ ሪድል ዜማውን በጆሮው ይዞ ይመለሳል። የብዙዎቹ ዘፈኖች ባለቤት ሆኖ የተመዘገበው ግን ኤ.ፒ. ነው፤ ሸክላዎቹ ላይ የሪድል ስም የለም፤ ዘፈኑን በበረንዳቸው ተቀምጠው ያስተማሩት ሽማግሌዎችና አሮጊቶችም የሉም። ይህ በዚያን ጊዜ የተለመደ አሠራር ነበር ይባላል። የተለመደ መሆኑ ሪድልን አልጠቀመውም። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግጥምም ለዜማም ባለቤት መብት ይሰጣል፤ በቤተ ክርስቲያን ግን ጉዳዩ ከሕግም በፊት የወንድማማችነት ነው። ግጥሙን የጻፈችው እህት አሁን ሌላ ከተማ ከሆነች፣ ዜማውን ያመጣው ወንድም ከቡድኑ ከወጣ፣ ስልክ ደውሉላቸው። ስማቸው በትክክል እንዴት እንደሚጻፍም ጠይቋቸው።

ካርተሮች በስድስቱ ዘፈን 300 ዶላር ተቀብለው ወደ መንደራቸው ተመለሱ፤ ወደ እርሻቸውና ወደ ልጆቻቸው። የመጀመሪያው ሸክላቸው ገበያ ላይ የዋለው በኖቬምበር ነው። ከስድስቱ መካከል ሣራ የማትወደውና ፒር አጥብቆ ያስቀዳት ዘፈን፣ ኤ.ፒ. ያልነበረበት ማለት ነው፣ በደንብ ተሸጠ። በቀጣዩ ዓመት፣ በሜይ 1928፣ ፒር ኒው ጀርሲ ካምደን ወደሚገኘው የኩባንያው እውነተኛ ስቱዲዮ ጠራቸው። በዚያም በሁለት ቀን 12 ዘፈን ቀዱ።