የቤታችን ዋይፋይ ሲቆራረጥ ምን እናድርግ?



የተወደዳችሁ ወገኖች፣ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ብዙ አብያተ ክርስቲያናት አገልግሎታቸውን በኢንተርኔት ማስተላለፍ ከጀመሩ ወዲህ ዋይፋይ በብዙ ቤት የኅብረት መገናኛ ሆኗል። ከአልጋዋ መነሣት የማትችል እናት አምልኮውን የምትከታተለው፣ በውጭ አገር ያሉ ልጆችም ከወላጆቻቸው ጋር የሚጸልዩት በእርሱ ነው። ታዲያ ጸሎቱ ገና ሲሞቅ ምስሉ ደርቆ ድምፁ ሲጠፋ አንዳንዶቻችን ሰይጣንን እንገሥጻለን፤ ሌሎቻችን ደግሞ አዲስ ራውተር ለመግዛት ገንዘብ እንፈልጋለን። መጸለይስ ሁልጊዜ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የላላ ገመድ ወይም የራውተሩ አቀማመጥ ስለሆነ፣ ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት የተቋረጠው የት ላይ እንደሆነ እንለይ።

በቅድሚያ፦ መስመሩ ነው ወይስ ዋይፋዩ?

ኢንተርኔት ወደ ስልካችሁ የሚደርሰው በሁለት ደረጃ ነው። አንደኛው ከውጭ እስከ ራውተሩ የሚመጣው መስመር ሲሆን፣ ሁለተኛው ከራውተሩ እስከ ስልካችሁ ያለው የአየር ሞገድ ነው። በተቋረጠ ጊዜ እነዚህን ተመልከቱ፦

- በስልኩ ላይ የዋይፋይ ምልክቱ እያለ ኢንተርኔት ከሌለ፣ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ከመስመሩ ነው።
- ምልክቱ ራሱ ከደከመ ወይም ከጠፋና ራውተሩ አጠገብ ስትቆሙ ከተስተካከለ፣ ችግሩ ከሞገዱ ነው።
- የራውተሩ መብራቶች በሙሉ ጠፍተው እንደገና ከበሩ፣ ችግሩ ከኤሌክትሪኩ ወይም ከራውተሩ ነው።
- የተቋረጠው አንድ ስልክ ብቻ ከሆነ፣ ችግሩ ከዚያ ስልክ ነው።

ኮምፒውተር ካላችሁ በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኙት። ዋይፋዩ ሲቋረጥ በገመድ ያለው ካልተቋረጠ መስመሩ ደህና ነው ማለት ነው። የተቋረጠበትን ሰዓትና የመብራቶቹን ሁኔታ ለሦስት ቀን በወረቀት ጻፉ። ይህ ማስታወሻ ለባለሙያም ይጠቅማል።

1. ኤሌክትሪክና ሙቀት

የአዳፕተሩ ጫፍና ዲቫይደሩ አለመላላታቸውን በእጃችሁ አረጋግጡ። አዳፕተር ሲያረጅ ኃይሉ ይደክምና ራውተሩ በራሱ እየጠፋ ይነሣል። ሌላ ስትገዙ ቮልቱ አሮጌው ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ አምፔሩም ከዚያ ያነሰ አይሁን። 9 ቮልት የሚፈልገውን ራውተር በ12 ቮልት ማብራት ሊያቃጥለው ይችላል። ለማሳመር ብላችሁ ዳንቴል አታልብሱት፤ አየር ካላገኘ ይግላልና።

2. ከውጭ የሚመጣው መስመር

በስልክ መስመር ለሚጠቀሙ፦ ስልክ ሲደወል ኢንተርኔቱ ከተቋረጠ፣ ስልኩን ከመስመሩ የሚለየው ማጣሪያ ተበላሽቷል ወይም አልተገጠመም። የቤቱን ስልኮች ሁሉ ነቅላችሁ ራውተሩን ብቻ በመተው ሞክሩ። ዝናብ ሲዘንብ የሚብስ ከሆነ፣ ውጭ የተቀጣጠለው ሽቦ ውኃ አግኝቶት ሊሆን ይችላል።

በፋይበር ለሚጠቀሙ፦ ኤል.ኦ.ኤስ. የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ ብርሃኑ ወደ መሣሪያው እየደረሰ አይደለም። ገመዱ ተጣጥፎ ወይም ዕቃ ተጭኖት እንደሆነ ተመልከቱ፤ ጫፉን ነቅላችሁ ግን በዓይናችሁ አትዩት። ከዚህ ያለፈው የአገልግሎት ሰጪው ሥራ ነው። በኢትዮጵያ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች በ994 ደውለው ማስመዝገብ ይችላሉ።

3. የራውተሩ አቀማመጥ

ራውተሩን ከቡፌ ውስጥና ከቴሌቪዥን ጀርባ አውጡት። በቤቱ መካከል፣ ከፍ ያለና ግልጥ ቦታ ላይ ይቀመጥ። የብሎኬት ግድግዳ፣ ትልቅ መስታወት፣ ቆርቆሮና የውኃ ታንከር ሞገዱን ያዳክሙታል። ማይክሮዌቭም በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ስለሚሠራ፣ ምግብ በሚሞቅበት ጊዜ ዋይፋዩን ሊረብሽ ይችላል።

ራውተራችሁ ሁለት ሞገድ ካለው፣ 2.4 ጊጋኸርዝ ሩቅ ይደርሳል ነገር ግን ይጨናነቃል፤ 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው ነገር ግን ግድግዳ ይከብደዋል። በኮንዶሚኒየም የምትኖሩ የጎረቤቶቻችሁ ራውተሮች ሊረብሿችሁ ይችላሉና በ2.4 ላይ ከቻናል 1፣ 6 እና 11 አንዱን መርጣችሁ ሞክሩ። ወደዚህ ማስተካከያ የሚገባው በኮምፒውተር ወይም በስልክ ከራውተሩ ሥር የተጻፈውን አድራሻ በመክፈት ነው፤ በብዙዎቹ ላይ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው።

4. አንድ ስልክ ብቻ ሲያስቸግር

በስልኩ ላይ የተቀመጠውን የዋይፋይ ስም አጥፍታችሁ የይለፍ ቃሉን እንደገና አስገቡ። ባትሪ ለመቆጠብ የተከፈተ ማስተካከያ ካለም ዝጉት።

5. ተጠቃሚው ሲበዛ

ለጎረቤት ማካፈል መልካም ነው። ነገር ግን የይለፍ ቃሉ ሰፈሩን ካዳረሰ መስመሩ ይጨናነቃል። ቃሉን ቀይሩት፤ ጥበቃውንም ደብሊው ፒ ኤ 2 ወይም 3 ላይ አድርጉት። ለእንግዳ የተለየ ዋይፋይ የሚፈቅድ ራውተር ካላችሁ በእርሱ አስተናግዱ።

ማስጠንቀቂያ

ራውተሩን ከሶኬት ነቅሎ 30 ሴኮንድ ቆይቶ መሰካት ምንም ጉዳት የለውም። ሪሴት የምትለዋን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ ተጭኖ መያዝ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ አገልግሎት ሰጪው ያስገባውን የመጠቀሚያ ስምና የይለፍ ቃል ጭምር ይደመስሳል። እነዚህን ሳትጽፉ ከነካችሁት፣ ይቆራረጥ የነበረው ጨርሶ ይጠፋል፤ ባለሙያ እስኪመጣም ሳትገናኙ ልትቆዩ ትችላላችሁ።

በመጨረሻም፣ ጥገናው እስኪያልቅ ድረስ በጸሎት ሰዓት ምስሉን ዘግታችሁ በድምፅ ብቻ ተካፈሉ፤ ድምፅ ከምስል እጅግ ያነሰ መስመር ይበቃዋልና። ወጣቶች ሆይ፣ ይህን የምታውቁ በሰፈራችሁ ያሉትን አረጋውያን ጎብኙ። የእናንተ የግማሽ ሰዓት ሥራ ለእነርሱ ከወገኖቻቸው ጋር የሚያመልኩበት በር ነው።

ጌታ ቤታችሁንና ኅብረታችሁን ይባርክ!