አቤት የሚባልበት ደጅ

እ.ኤ.አ. በ1857 የአሜሪካዋ ኦሬገን ነጭ ወንዶች ሕገ መንግሥታቸውን ለማጽደቅ ድምፅ ሲሰጡ ሁለት ጉዳዮች ለብቻቸው ቀረቡላቸው፤ ባርነት ይፈቀድ? ነጻ ጥቁሮችስ ይግቡ? ሁለቱንም እንቢ አሉ። ባሪያም ጥቁር ጎረቤትም አልፈለጉም። በጸደቀው አንቀጽ መሠረት አዲስ የሚመጣ ጥቁር እዚያ መኖር፣ መሬት መያዝ፣ ውል መዋዋል አይችልም፤ መክሰስም አይችልም። ከሁሉ የከፋው ይህ የመጨረሻው ነው። ደመወዙን ቢከለከል፣ ቢደበደብ፣ አቤት የሚልበት ደጅ የለውም። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ሲሻሻል አንቀጹ ኃይል ቢያጣም፣ የተሰረዘው ገና በ1926 ነው።

በኅዳር 1988 በዚያው ግዛት፣ በፖርትላንድ ከተማ፣ ለትምህርት ከኢትዮጵያ የሄደው የ28 ዓመቱ ሙሉጌታ ሥራው በመኖሪያው ደጃፍ በቤዝቦል ዱላ ተደብድቦ ተገደለ። ገዳዮቹ ስኪንሄድ የሚባሉ ነጭ ዘረኞች ነበሩ። ሦስቱ ጥፋታቸውን አምነው ተፈረደባቸው።

አጎቱ አቶ እንግዳው ብርሃኑ ግን ነገሩን በዚያ አልተዉትም። በጠበቃ ሞሪስ ዲስ አማካይነት ካሊፎርኒያ ተቀምጦ ዘረኛ ድርጅት የሚመራውን ቶም ሜትዝገርን በፍትሐ ብሔር ከሰሱ። ሰውየው በግድያው ቦታ አልነበረም። ታዲያ በምን ይጠየቃል?

መንገዱን የጠረገችው አላባማ ነች። በ1981 ሞቢል ከተማ ውስጥ ማይክል ዶናልድ የተባለ ጥቁር ወጣት ኩ ክለክስ ክላን በተባለው የነጭ ዘረኞች ድርጅት አባላት ተገድሎ ዛፍ ላይ ተሰቀለ። እናቱ ወይዘሮ ቢዩላ ሜ ዶናልድ፣ በዚሁ በዲስ ጠበቃነት፣ ገዳዮቹን ብቻ ሳይሆን ድርጅቱን ጭምር ከሰሱ። በ1987 ነጮች ብቻ የተቀመጡበት የዳኝነት ሸንጎ (ጁሪ) 7 ሚሊዮን ዶላር ፈረደላቸው፤ የክላኑ ዋና ጽሕፈት ቤትም ለእርሳቸው ተላለፈ። እኛ የሙሉጌታን ታሪክ ስናወራ እኚህን እናት መርሳታችን ያስተዛዝባል።

ሜትዝገር ያለ ጠበቃ ቆሞ «መናገር መብቴ ነው» ሲል ተከራከረ። የቀድሞ ወኪሉ ግን ስኪንሄዶቹን እንዲያደራጅና ለጥቃት እንዲያነሣሣ ወደ ፖርትላንድ የላከው እርሱ መሆኑን መሰከረ። በፍትሐ ብሔር ክርክር ማስረጃው ወደ ከሳሹ ካመዘነ ይበቃል። በጥቅምት 1990 የ12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ተፈረደ፤ ይግባኙም አልሠራም። አብዛኛው ገንዘብ ፈጽሞ አልተገኘም። የሜትዝገር ቤት ግን ተሸጠ።