ከዩኒኮድ በፊት የተጻፉ የአማርኛ ፋይሎች፦ የንባብና የጥበቃ ጥያቄ

የብራና መጻሕፍትን ከጥፋት ለመታደግ እ.ኤ.አ. በ1973 በአገራችን የተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ለጥናታችን የዋለው ውለታ የታወቀ ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በኮምፒዩተር ተጽፈው በዲስኬት ላይ ስለቀሩት የአማርኛ ጽሑፎች ግን እምብዛም ሲነገር አይሰማም። ይህ አጭር ጽሑፍ እነዚህ ፋይሎች እንደ ማንኛውም ጥንታዊ ቅጂ ምርመራ እንደሚሹ ለማሳየት ይሞክራል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ የአንድ መምህሬ ቤተሰቦች 11 ዲስኬቶች ሰጡኝ። መምህሬ ከወሎ ገጠር የሰበሰቧቸው የቃል ግጥሞች ነበሩባቸው። ሦስቱ ጨርሶ አልተነበቡም። የቀሩት ሲከፈቱ የታየው የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ትርምስ ነበር። አንድ ባልደረባዬ «ተበላሽቷል» አለኝ። ፋይሉ ግን አልተበላሸም ነበር።

ምክንያቱን ለመረዳት የዘመኑን አሠራር ማስታወስ ያሻል። ዩኒኮድ የኢትዮጵያን ፊደል ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው እትሙ ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ለላቲን በተመደቡ ኮዶች ላይ የሆሄያትን ቅርጽ ያስቀምጡ ነበር። አንድ ባይት ከ256 የበለጠ ኮድ አይይዝም፤ ከዚያም ውስጥ ከፊሉ ለትእዛዝ የተያዘ ነው። 33ቱ ፊደላት በ7 ሥርዓት ብቻ 231 ሆሄ ይሆናሉ፤ ዲቃሎች፣ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦች ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። ስለዚህ አንዳንዶቹ ሆሄያቱን በሁለትና ከዚያ በላይ ፎንቶች ከፋፈሉ፤ ሌሎቹ እንደ ጽሕፈት መኪናው ፊደሉንና ቅጥያውን ለየብቻ አኖሩ። የጋራ ስምምነት ስላልነበረም በአንዱ ፕሮግራም «ለ» የሆነው ኮድ በሌላው ሌላ ሆሄ ነው።

መምህሬ ከስብስቡ 14 ገጽ ያህሉን በወረቀት አትመው ትተው ነበር። ይህን ከፋይሉ ጋር ሆሄ በሆሄ እያስተያየሁ የኮድ ሠንጠረዥ አዘጋጀሁ። በሠንጠረዡ ያልታተመው ክፍል ሲነበብ፣ የየግጥሙ ተናጋሪ ማን እንደሆነ፣ በየትኛው መንደርና በምን አጋጣሚ እንደተባለ የሚገልጽ ማስታወሻ ተገኘ። በወረቀቱ ላይ «የሕዝብ ግጥም» ብቻ የተባለው ባለቤቱን አገኘ።

ጥፋቴንም ልናገር። መጀመሪያ ላይ አንዱን ፋይል ያለ ፎንቱ፣ ጽሑፉን ብቻ ገልብጬ ዲስኬቱን ቸል ብዬው ነበር። በግልባጩ የትኛው ኮድ በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ የሚያመለክተው መረጃ ጠፋ፤ ኋላ ዲስኬቱን መልሼ ባስገባው አልነበብ አለ። በመሆኑም አንድ ኮድ ሁለት ሆሄ ሊሆን የሚችልባቸው ቦታዎች ቀሩ። አብዛኞቹን በዐውዱ አቀናሁ፤ በአንድ ሙሾ ውስጥ የተጠራው የሟቹ ስም ግን እስከ ዛሬ አጠራጣሪ ነው።

እንደገና አስተይቦ መተካትም መፍትሔ አይሆንም። ተይቢው «ሠ»ን በ«ሰ»፣ «ፀ»ን በ«ጸ» ሲለውጥ የጸሐፊው የአጻጻፍ ልማድ ይጠፋል። ስለዚህ ዋናው ፋይል እንዳለ ይቀመጥ፤ የተጻፈበት ፕሮግራምና ፎንት ይመዝገብ፤ የታተመ ገጽ ካለ አይጣል። ብራና ዐይንና ዕውቀት ላለው ሁሉ ይነበባል፤ ዲስኬት ግን ማንበቢያ መሣሪያውንም ይሻል፤ መሣሪያው ደግሞ ከዓመት ዓመት እየጠፋ ነው። በየመሳቢያችን ያለውን መፈተሽ የሚገባን ዛሬ ነው።