የኦኩፔሽናል ቴራፒ ረዳት ለመሆን የሚያስፈልገው ሥልጠና

ኦኩፔሽናል ቴራፒ በሕመም፣ በአደጋ ወይም በእርጅና ምክንያት ዐቅማቸው የተዳከመ ሰዎች መታጠብን፣ መልበስንና መመገብን የመሳሰሉ የዕለት ተዕለት ተግባራትን በተቻለ መጠን በራሳቸው እንዲያከናውኑ የሚያግዝ የሕክምና ዘርፍ ነው። ቴራፒስቱ የታካሚውን ሁኔታ መርምሮ ዕቅድ ያወጣል፤ ረዳቱ ደግሞ በእርሱ ክትትል ሥር ዕቅዱን በተግባር ላይ ያውላል። ለምሳሌ፣ በስትሮክ ሳቢያ አንድ እጁ የደከመበት ታካሚ ሸሚዝ ሲለብስ አስቀድሞ የደከመውን እጅ በእጅጌው እንዲያስገባ ያለማምደዋል።

ለዚህ ሙያ የተደራጀ የሥልጠና ሥርዓት ካላቸው አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት። በዚያ ሠልጣኙ ዕውቅና ባለው ኮሌጅ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ዓመት ያህል፣ የሰውነት አወቃቀርን፣ ሥነ ልቦናንና የሕክምናውን ዘዴዎች ይማራል። ከዚህም ጋር ቢያንስ የ16 ሳምንት የሙሉ ጊዜ የተግባር ልምምድ ያደርጋል። ከተመረቀ በኋላ ብሔራዊውን ፈተና አልፎ ከሚሠራበት ግዛት የሙያ ፈቃድ ያወጣል።

አረጋውያንንና ሕሙማንን በቤት ውስጥ መንከባከብ ለሙያው የሚጠቅም ልምድ ቢሆንም፣ ይህን ሥልጠና አይተካም። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስና በሳዑዲ ዓረቢያም በጤና ሙያ ለመሠማራት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የትምህርት ማስረጃውም ከሰጠው ተቋም ይጣራል። ስለዚህ ለማንኛውም ሥልጠና ክፍያ ከመፈጸም አስቀድሞ፣ ተቋሙ ዕውቅና ያለው መሆኑንና የምስክር ወረቀቱ ሊሠሩበት ባሰቡት አገር ለፈቃድ የሚያበቃ መሆኑን ከፈቃድ ሰጪው አካል ማረጋገጥ ይገባል።