ዘወርዋራ ስልት፦ ከደንቢያ እስከ ወልከፊት

«ዘወርዋራ ስልት» ማለት ጠላትን በበረታበት ቦታ ከመግጠም ይልቅ ብርታቱ የቆመበትን ነገር ፈልጎ መምታት ነው፤ ስንቁን፣ ውሃውን፣ መንገዱን፣ ግብሩን፣ አንዳንዴም የአዛዡን ልብ። ሐሳቡን በዚህ መልክ ያደራጀው እንግሊዛዊው የጦር ታሪክ ጸሐፊ ካፒቴን ባሲል ሊድል ሃርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 በሶም ግንባር ተዋግቶ በመርዝ ጋዝ ተጎድቷል። አንድ ትውልድ ወደ መትረየስ አፍ በቀጥታ ሲነዳ አይቷልና፣ ቀሪ ዘመኑን ሌላ መንገድ ሲፈልግ ኖረ። በ1929 ባሳተመው መጽሐፍ ፍለጋውን ወደ ጥንት ዘመን መለሰው። ከሚያነሳቸው መካከል የካርታጎው ሃኒባል አለ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ217 ሮማውያን የሚጠብቁትን መንገድ ትቶ የአርኖን ረግረግ አቋረጠ፤ አሳዶ የመጣውን ጦራቸውንም ትራሲሜኖ ሐይቅ ዳር አጥምዶ ፈጀው።

የስልቱ የእንግሊዝኛ ስም ቃል በቃል ሲመለስ «ቀጥተኛ ያልሆነ አቀራረብ» ይሆናል። ይህ ግን ያልሆነውን እንጂ የሆነውን አይነግረንም። «ተዘዋዋሪ» እንዳንል ተዘዋዋሪ ችሎትና ተዘዋዋሪ ብድር ቀድመው ይዘውታል፤ ከቦታ ቦታ የሚዞር ጦር ያስመስለዋል። ወታደሩ የሚናገረው «ቆረጣ» ጥሩ ቃል ነው፤ ነገር ግን ጠላትን ከወገኑ ለይቶ የመክበብን አንድ ዘዴ ብቻ ይሸፍናል። «ደፈጣ»ም እንዲሁ። «ዘወርዋራ» ግን ገደል ለገደል የሚጠማዘዘውን የደጋ መንገድ ያስታውሳል፤ ይረዝማል፣ መድረሻው ግን የታወቀ ነው።

ምሳሌ ፍለጋ ከጎንደር መራቅ አያስፈልግም። በዘመነ መሳፍንት መጨረሻ ራስ ዓሊ ደብረ ታቦር ተቀምጠው በፈረሰኛ ብዛት አገሩን ይገዙ ነበር። የቋራው ካሣ ኃይሉ፣ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባለው፣ ሲሸፍት ወደ ደብረ ታቦር አልሄደም። የነካው ደንቢያን ነው፤ የራስ ዓሊ እናት የእቴጌ መነን ግዛት የነበረውን፣ ከጣና በስተ ሰሜን ያለውን የእህል አገር። እ.ኤ.አ. በ1847 መጀመሪያ፣ እቴጌይቱ ለዘመቻ ርቀው ሳለ፣ በቀሐና በአንገረብ መካከል ወዳለችው ጎንደር ገብቶ የራሱን ሰዎች ሾመባት። እቴጌ መነን ሊቀጡት መጡ፤ በሰኔ ወር ከጣና ሰሜን ተሸንፈው እጁ ላይ ወደቁ። ራስ ዓሊ እናታቸውን ለማስለቀቅ ሽፍታው የያዘውን ግዛት አጸደቁለት፤ ደጃዝማችም አሉት። ደብረ ታቦር ሳትነካ፣ ጌታዋ እጁን ተጠምዝዞ ፈረመ ማለት ይቻላል። ለእኔ ከሃኒባል ረግረግ ይልቅ ይህ የተሻለ ማስተማሪያ ነው፤ ካሣ የመታው የጦሩን ጎን ሳይሆን የግብር ምንጩንና የእናትን ክብር ነውና።

ያው ካሣ በተከታዩ ዓመት ደባርቂ ላይ ሌላ ሰው ሆነ። (በሱዳን ጠረፍ ያለችው ደባርቂ ናት፤ የስሜኗ ደባርቅ አይደለችም።) የግብፅ ጦር ምሽግ ይዞ መድፍ ጠምዶ ነበር። ካሣ በቀጥታ ተወረወረበት፤ ሠራዊቱም በመድፍና በሥርዓት በተያዘ ተኩስ ረገፈ። ጀግንነት አልጎደለም፤ የጠፋው ዘወርዋራው መንገድ ነው።

ከሁሉ የጠራው ምሳሌ ግን የመቀሌው ነው። በ1888 ዓ.ም. የኢጣሊያው ሻለቃ ጋሊያኖ ከ1,000 በላይ ወታደር ይዞ እንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ ተቀመጠ። ፊት ለፊት የሄደው የኢትዮጵያ ጦር በግንቡ ሥር ብዙ ሰው ወደቀበት። ከስሜን መሳፍንት ወገን የሆኑት እቴጌ ጣይቱ ብጡል፣ ምሽጉ ውሃውን የሚቀዳው ከግንቡ ውጭ መሆኑን አይተው ምንጩ እንዲያዝ መከሩ፤ የራሳቸውንም ሰዎች ሰደዱ። ምንጩ ተያዘ። ጋሊያኖ ጥይትና ስንቅ እያለው በጥም እጅ ሰጠ።

ቀጥሎ የመጣው እርምጃ ብዙ ጊዜ ሳይነገርለት ይታለፋል። ዐፄ ምኒልክ የተማረኩትን ከነመሣሪያቸው ወደ ወገናቸው ሲሸኙ፣ ዋናውን ጦር ከሸኚው ጋር አብረው አንቀሳቀሱ። የኢጣሊያ ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪ የራሱን ሰዎች ሳይነካ ሊተኩስበት አይችልም ነበር። የምኒልክ ጦር በአዲግራት የተጠናከረውን ምሽግ ትቶ በምዕራብ በኩል በሐውዜን ወደ አድዋ ዞረ፤ የኤርትራም መንገድ ተከፈተለት። ባራቲየሪ ምሽጉን ለቆ ወደ ሳውሪያ ለመውጣት ተገደደ። በስንቅ ማነስና በሮም ግፊት ተወጥሮ፣ የካቲት 23 ቀን ራሱ አጥቂ ሆኖ መጣ። በመቀሌ የውሃ ምንጭ ተይዞ ነበር፤ በአድዋ ደግሞ ውሳኔው ራሱ ከባራቲየሪ እጅ ወጣ።

ሊድል ሃርት ከ280 በላይ ዘመቻዎችን መርምሮ ወሳኝ ድል በቀጥተኛ መንገድ የተገኘው በ6 ብቻ ነው ይላል። ቁጥሩን እንደ ፍርድ መውሰድ አይገባም። ያሸነፈን ሁሉ ከድሉ በኋላ መለስ ብሎ «ዘወርዋራ ነበር» ማለት ይቻላልና፣ ቃሉ ሲሰፋ ትርጉሙ ይቀልጣል። የምጠቀምበት መለኪያ አጭር ነው፦ ጠላት ያከማቸው ጉልበት ሥራ ላይ ሳይውል ቀርቷል ወይ? የአድዋው ቀን ራሱ በዚህ መለኪያ አያልፍም፤ ወደዚያ ያደረሰው መንገድ ግን ያልፋል።

በዚሁ መለኪያ የ1934 ዓ.ም. የጎንደር ጦርነት ሁለት ይከፈላል። ከሊማሊሞ ገደል አናት ያለው ወልከፊት ከላይ ለሚተኩስ የተሠራ ያህል ነው። የኢጣሊያው ኮሎኔል ጎኔላ 3,000 ከሚሆን ሰው ጋር ወራት ያህል ያዘው። የኢትዮጵያ አርበኞችና የእንግሊዝ ጦር መንገዱን ዘግተው ስንቅ ነሱት፤ በመስከረም፣ እህሉ ሲያልቅ እጁን ሰጠ። ገደሉ የጎኔላ እንደነበረ ቀረ፣ አልጠቀመውም። ይህ ዘወርዋራ ነው።

በደብረ ታቦር መንገድ ያለውን የቁልቋል በርን ውጊያ ግን እንዲህ ብለን መጥራት የለብንም። እ.ኤ.አ. ኅዳር 13 ቀን 1941 የተሰነዘረው ጥቃት ተመለሰ፤ ኅዳር 21 ቀን በተደጋገመ ከባድ ውጊያ፣ ምሽግ ለምሽግ፣ በብዙ ደም ተያዘ። ከስድስት ቀን በኋላ የኢጣሊያው አዛዥ ጄኔራል ናሲ ጎንደርን አስረከበ።