ባሕር ዛፍ በቤት ዙሪያ፤ ስለ ጥቅሙና ስለ ጉዳቱ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ጥድና ወይራ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቈረጠ አለቀ። ስለዚህ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በ1893 ዓ.ም. ገደማ ሥራ አስጀምረው ነበር። ከተማይቱን ከመፈታት ካዳኗት ነገሮች ዋናው፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ከባሕር ማዶ የመጣውና ስሙንም ከዚያው ያገኘው ባሕር ዛፍ ነው።

ይህ ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ቢቈርጡትም ከጕቶው መልሶ ያቈጠቍጣል። ስለዚህ ብዙ ባለቤት በአጥሩ ዙሪያ ተከለው። ነገር ግን ሥሩ ውሃ አብዝቶ ስለሚስብ ጕድጓድና ምንጭ ያደርቃል ተባለ፤ በአጠገቡ የተዘራው አትክልትም ቀጨጨ። በ1905 ዓ.ም. ገደማ መንግሥት ከባሕር ዛፉ ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ በምትኩ ቅጠሉ ለሐር ትል የሚሆን እንጆሪ እንዲተከል አዘዘ፤ ትእዛዙ ግን አልተፈጸመም። በ1989 ዓ.ም. የትግራይ ክልል በእርሻ መሬት ላይ መትከሉን ሲከለክል ያው ክርክር ተመለሰ።

ሕዝቡ ዛፉን ያልተወው ጉዳቱን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ማገዶውንና ማገሩን እንዲህ ፈጥኖ የሚሰጠው ሌላ ስላላገኘ ነው። እንግዲህ «ከደጅህ አትትከል» የሚል ሁሉ «ምን ልትከል?» ለሚለው ጥያቄ አስቀድሞ መልስ ሊያዘጋጅ ይገባዋል። እስከዚያው ግን ከጕድጓድና ከጓሮ አርቆ መትከል ይበጃል።